«አስፕሪን ስጪው» ከማለት በፊት

በዚህ መጽሔት «ቫይረስ» ስንል ሁላችሁም ቶሎ የምታስቡት ኤች አይ ቪን ነው። ሰፈር ውስጥም «ቫይረሱ አለበት» ሲባል «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን እኮ ጉንፋንም፣ ኢንፍሉዌንዛም፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው ጉድፍም በቫይረስ ነው የሚመጡት። አብዛኞቹ ልጆች ቶሎ ድነው ወደ ኳሳቸው ይመለሳሉ። በጣም ጥቂቶቹን ግን ሬይ ሲንድረም የሚባል ከባድ ሕመም ይይዛቸዋል።

ስሙን ያገኘው ከአውስትራሊያዊው ሐኪም ዳግላስ ሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እሱና ባልደረቦቹ ስለ 21 ሕፃናት ጻፉ፤ 17ቱ ሞተዋል። አንጎላቸው አብጦ፣ ጉበታቸው ስብ ሞልቶት ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የቫይረሱ ብቻ ነው? አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በሬይ የታመሙትን ልጆች፣ ተመሳሳይ ጉንፋን ወይም ጉድፍ ይዟቸው ከዳኑት ጋር አስተያዩ። በሬይ የታመሙት ሁሉም ማለት ይቻላል አስፕሪን ወስደው ነበር። በሕመሙ ጊዜ የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይጎዳል (ባዮሎጂ ክፍል ያልተኛ ያስታውሰዋል!)፤ ጉበት አሞኒያን ማጣራት ያቅተዋል፤ አንጎልም ያብጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ 555 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። ወላጆች ተነገራቸው፤ በ1986 የአስፕሪን ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ከ1987 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ቁጥሩ በዓመት ከ36 አልበለጠም። አዲስ መድኃኒት ስለተገኘ አይደለም፤ ሰው ስላወቀ ነው። ሶሺዮሎጂ ላጠናሁት ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው።

እናት ገበያ ስትሄድ ትንሹን ወንድም የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ሲያተኩሰው ከሱቅ ክኒን ገዝቶ፣ ግማሹን ቆርሶ መስጠት ደግሞ የተለመደ ነው። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ ለአፍላ ወጣትም እንደዚያው፣ ማለትም ለእናንተም። ለትኩሳት በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል አለ። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም አስፕሪን ይገባል፤ «አሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድ» የሚል ካያችሁ ያው እሱ ነው።

ምልክቱ የሚያታልለው ልጁ «ተሻለው» ከተባለ በኋላ ስለሚመጣ ነው። ያስመልሰዋል፣ አያቆምም። ይፈዛል፣ ይነጫነጫል፣ የማይሆን ነገር ይናገራል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ቤት ውስጥ «ለክፎት ነው» የሚል አይጠፋም። የጭንቅላት ወባና ማጅራት ገትርም እንዲህ ያደርጋሉ፤ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የዋጠውን ክኒን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።