ሰንጠረዥ ለሚጫወት ፕሮግራም መነሻው ወዴት ነው?

ቼዝ የሚጫወት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሥቶ በመንገድ የሚቀረው ጀማሪ ብዙ ነው። ምክንያቱም የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ፈረሱ ገና በትክክል መዝለል ሳይችል ማሽኑ ታላላቅ ተጫዋቾችን እንዲያሸንፍለት ስለሚሻ፣ ግድግዳ ሳያቆም ጣራ እንደሚከድን ሰው ይሆናል።

አባቶቻችን ይህን ጨዋታ ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። እናንተም በሐዋሳ በአዲስ ከተማም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ አስምራችሁ ቁጥር የምትሞሉበት ወረቀት ስሙ ያው ሰንጠረዥ ነው። ጀማሪውም ከዚሁ ይነሣ። ስምንት ረድፍና ስምንት ዓምድ፣ በጠቅላላው 64 ክፍል ያለው ሰንጠረዥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያበጅ፤ ባዶውን ክፍል 0፣ ነጩን ወታደር 1፣ ነጩን ፈረስ 2 እያለ ቁጥር ይስጥ፤ ለጥቁሮቹም በዚያው ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት ያድርግ። ገበታው ይኸው ነው፤ ሥዕልና ቀለም ኋላ ይደርሳል።

64ቱ የበዛበት እንደ ሆነ ማሳነስ ነውር አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ በሎስ አላሞስ የነበሩ ሊቃውንት ማኒያክ የተባለውን ኮምፒዩተር ያጫወቱት ጳጳሶቹን አስወጥተው፣ ገበታውን ስድስት በስድስት አድርገው ነበር። ያም ሆኖ ማሽኑ አንዱን እርምጃ ለማሰብ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር፤ ጨዋታውን ከተማረች አንድ ሳምንት የሆናትን ተጫዋች ግን አሸንፏል።

ቀጥሎ የሚመጣው የተፈቀዱትን እርምጃዎች መዘርዘር ነው፤ እዚህ ላይ መቸኰል አይገባም። በሙሉው ገበታ ነጭ ሲጀምር 20 ምርጫ አለው፤ ጥቁር ሲመልስ የጨዋታው መንገድ 400 ይሆናል፤ ነጭ ሲደግም 8,902 ይደርሳል። የጀማሪው ፕሮግራም 8,901 ቢያወጣ፣ በአንድ ስፍራ ስሕተት ተደብቋል ማለት ነው። ሒሳብ ሹም ለአንድ ሳንቲም ጉድለት መዝገቡን ሁሉ እንደሚገልጥ፣ እርሱም እስኪያገኘው ድረስ ይፈልግ።

የአመራረጡ ነገር መነሻው ከዚህ ይቀላል። ክሎድ ሻነን በዚያው አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ለንግሥት 9፣ ለግንብ 5፣ ለጳጳስና ለፈረስ 3፣ ለወታደር 1 ነጥብ ሰጥቶ ነበር። ጀማሪው የሁለቱን ወገን ድምር አመዛዝኖ የሚሻለውን እርምጃ ያስመርጥ፤ ቆይቶም የተቃራኒውን መልስ ያስቈጥር።

የቀድሞውን የአገራችንን ሰንጠረዥ ለኮምፒዩተር ማስተማር የሚወድ ግን ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ክፍል ብቻ ይሄዳል፣ ፊል በሰያፍ ሁለት ይዘላል፤ ይህ ለመጻፍ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ወረራው ነው። የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሥርዓት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፈውታል። በወረራ ጊዜ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከላይ የተናገርነው ሁሉ ግን በተራ ላይ የቆመ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ «እንደ ልማዱ» የሚባል ትእዛዝ አይገባውም፤ ማን ቀድሞ እንደሚነካ፣ ስንት ጊዜስ እንደሚያንቀሳቅስ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ስለዚህ ጀማሪው ወረራውን ለጊዜው ትቶ ከተራው ይጀምር፤ ጨዋታውን የሚያውቁ ሽማግሌ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ጥያቄውን ይዞ ሳይውል ሳያድር ይሂድ።