ርካሽ የካሜራ ሌንስ መግዛት ያዋጣልን?

ፎቶግራፍ የማንሣት ፍቅር ያደረባቸው ተማሪዎች ካሜራ ባገኙ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ በቀን ብርሃን መልካም ምስል ይሰጣል፤ በምሽት ዝግጅትና በሰርግ አዳራሽ ውስጥ ግን ምስሉ ይጨልማል ወይም ይደበዝዛል። ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ሲፈልጉ ሁለት አማራጭ ይቀርብላቸዋል። አንደኛው የካሜራው አምራች ራሱ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ሌላ ድርጅት ለዚያው ካሜራ እንዲገጥም አድርጎ የሚሠራው ሲሆን፣ ዋጋው ብዙውን ጊዜ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው።

ለተማሪ ምርጫው ቀላል አይደለም። ገንዘቡ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። ሌንሱ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በመንገደኛ እጅ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጉድለት ቢገኝበት መልሶ መለወጥ እጅግ ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የዋጋው ልዩነት ከምን እንደሚመነጭ በፊዚክስ ዓይን እንመረምራለን፤ ገዢው ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ፈተናዎችም እናቀርባለን።

ንድፉ የጋራ ሀብት ነው

ለአብነት ያህል የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር፣ የኤፍ ቁጥሩ 1.8 የሆነውን የታወቀ ሌንስ እንውሰድ። የኤፍ ቁጥር የሚባለው የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው። እንግዲህ የዚህ ሌንስ ቀዳዳ ዲያሜትር 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። የሚገባው ብርሃን መጠን የሚወሰነው ዲያሜትሩ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር በመሆኑ፣ ይህ ሌንስ በኤፍ/5.6 ከሚሠራው የተለመደ ሌንስ ይልቅ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

ካነን እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው የዚህ ዓይነት ሌንስ በ5 ቡድን የተደራጁ 6 ነጠላ ሌንሶች አሉት። ዮንግኑዎ የተባለው የሼንዘን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለካነን ካሜራዎች ያስተዋወቀው ርካሽ ሌንስም እንዲሁ በ5 ቡድን 6 ነጠላ ሌንሶች አሉት። የሁለቱም ሥር ጥንታዊ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1817 ለቴሌስኮፕ ያቀረበውን ባለ ሁለት ሌንስ ንድፍ መነሻ በማድረግ፣ የዛይስ ባልደረባ የነበረው ፖል ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1896 ፕላናር የተባለውን ሌንስ ነደፈ። የዛሬዎቹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች በአብዛኛው የዚያ ንድፍ ልጆች ናቸው።

ከዚህ እንደምንረዳው ርካሹ ሌንስ ርካሽ የሆነው ንድፉ ዝቅተኛ በመሆኑ አይደለም። ልዩነቱ ንድፉ ወደ ዕቃ በሚለወጥበት ጊዜ የሚመጣ ነው።

ልዩነቱ የሚፈጠርባቸው ሦስት ቦታዎች

የመጀመሪያው የሌንሶቹ ገጽ ቅብ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲሻገር 4 በመቶ ያህሉ ይንጸባረቃል። በ5 ቡድን የተደራጀ ሌንስ ከአየር ጋር የሚገናኙ 10 ገጾች አሉት። ገጾቹ ቅብ ባይኖራቸው ኖሮ ከሚገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛው ያህል ወደ ፊልሙ ወይም ወደ ሴንሰሩ በቀጥታ አይደርስም ነበር። ይባስ ብሎም የተንጸባረቀው ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ሲመላለስ በምስሉ ላይ ጭጋግና የብርሃን ነጠብጣብ ይፈጥራል። ውፍረቱ 100 ናኖ ሜትር ያህል የሆነ የማግኒዥየም ፍሎራይድ ቅብ በየገጹ የሚንጸባረቀውን ወደ 1.5 በመቶ ያህል ያወርደዋል፤ ብዙ ንብርብር ያለው ቅብ ደግሞ ከ0.5 በመቶ በታች ሊያደርሰው ይችላል። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ወጪ ስላለው፣ ወጪ መቀነስ የሚፈልግ አምራች ከሚቆጥብባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው የአገጣጠም ትክክለኛነት ነው። የ6ቱም ሌንሶች መካከለኛ ነጥብ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለበት። ከመካከላቸው አንዱ በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚለካ መጠን እንኳ ፈቀቅ ቢል፣ ከምስሉ አንዱ ማዕዘን ጥርት ሲል ሌላው ይደበዝዛል። እያንዳንዱን ሌንስ መለካትና ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለሆነም በአንድ ስም ከሚሸጡ ርካሽ ሌንሶች መካከል አንዱ እጅግ መልካም፣ ሌላው ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት ኤሌክትሮኒክስ ነው። ካነን የዚህን መነጋገሪያ ሥርዓት ለሕዝብ ሳያወጣ የያዘው በመሆኑ፣ ፈቃድ ያልተሰጠው አምራች ምልክቶቹን ፈትቶ ያስመስላል። አዲስ ካሜራ ሲወጣ ግን አሮጌው ሌንስ አልግባባ ሊል ይችላል። ካነን እ.ኤ.አ. በ2018 አርኤፍ የተባለ አዲስ የሌንስ መግጠሚያ አስተዋውቋል፤ የቀድሞዎቹ ሌንሶች በዚያ ላይ የሚሠሩት በአገናኝ ዕቃ አማካይነት ነው። ወደፊት ካሜራውን ለመለወጥ ያሰበ ሰው ይህንንም ሊያስብበት ይገባል።

ቀዳዳው ሲጠብ

በሌንስ ጠርዝ የሚያልፉ ጨረሮች በመካከሉ ከሚያልፉት ጋር በአንድ ነጥብ ላይ በትክክል አይገናኙም። ስፌሪካል አበሬሽን የሚባለው ይህ ግድፈት የሚፈጥረው ብዥታ ከዲያሜትሩ ኩብ ጋር የሚሄድ ነው። ይኸውም ቀዳዳው ከኤፍ/1.8 ወደ ኤፍ/3.6 በግማሽ ሲጠብ ብዥታው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ርካሹ ሌንስ ከውዱ ጋር የሚቀራረበው እዚህ ላይ ነው።

ቀዳዳው ከልክ በላይ ሲጠብ ግን ሌላ የተፈጥሮ ሕግ ይመጣል። ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ይህም ዲፍራክሽን ይባላል። በአረንጓዴ ብርሃን አንድ ነጥብ በኤፍ/8 ወደ 11 ማይክሮ ሜትር፣ በኤፍ/16 ወደ 21 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። 24 ሚሊዮን ፒክስል ባለው የተለመደ አነስተኛ ሴንሰር ላይ የአንድ ፒክስል ስፋት 4 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በኤፍ/16 ውዱም ሆነ ርካሹ ሌንስ ለአንድ ሕግ ይገዛሉ። የዋጋው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ቀዳዳው በሰፊው ሲከፈት ነው።

በጋዜጣ የሚደረግ ፈተና

አራት የጋዜጣ ገጾችን በግድግዳ ላይ በአራት ማዕዘን፣ አንድ ገጽ ደግሞ በመካከል እንለጥፍ። ካሜራውን ከግድግዳው ትይዩ አድርገን በማይነቃነቅ ነገር ላይ እናስቀምጥ፤ ትኩረቱን በመካከለኛው ገጽ ላይ አድርገን በሰዓት ቆጣሪው አማካይነት በኤፍ/1.8፣ በኤፍ/2.8፣ በኤፍ/4 እና በኤፍ/8 እናንሣ። ምስሉን አጉልተን ስንመለከት አራቱም ማዕዘኖች በኤፍ/1.8 እኩል ቢደበዝዙ ይህ የንድፉ ጠባይ ነው፤ ጉድለት ሊባል አይገባም። አንዱ ማዕዘን ብቻ ቢደበዝዝ ግን ካሜራውን ገልብጠን እንደገና እናንሣ። ብዥታው በግድግዳው ላይ በነበረበት ቦታ ከቀረ ጥፋቱ የአቀማመጣችን ነው። ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ከዞረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሌንስ መግዛት አይገባም።

ለቅቡ ፈተና አምፖል በምስሉ ዳር እንዲገባ አድርገን እናንሣና ጭጋጉን እንመልከት። ለኤሌክትሮኒክሱ ደግሞ ሌንሱን አንድ ጊዜ ወደ ቅርብ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሩቅ እየመለስን፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ውስጥ ወደ አንድ ዒላማ 10 ጊዜ በራሱ እንዲያተኩር እናድርግና ስንቱን እንዳገኘ እንቁጠር።

ውሳኔው

አንድ ነጋዴ 100 ርካሽ ሌንሶችን ቢገዛ፣ ዋጋቸው የግማሽ ያህል እስከሆነ ድረስ ጥቂቶቹ ቢበላሹም አማካዩ ያተርፈዋል። ተማሪ ግን የሚገዛው አንድ ብቻ ስለሆነ አማካይ አያድነውም። ስለዚህ የራሱን ካሜራ ይዞ ሄዶ በሱቁ ውስጥ መፈተን የሚችል፣ ወይም ሻጩ ሊለውጥለት ቃል የገባለት፣ በአብዛኛውም በኤፍ/2.8 እና በኤፍ/8 መካከል የሚያነሣ ሰው ርካሹን ሌንስ ያለ ሥጋት ቢገዛ ያዋጣዋል። በሰርግ ላይ በኤፍ/1.8 እያነሣ ገቢ የሚያገኝ ሰው የቀለበቱን ቅጽበት ዳግመኛ ስለማያገኘው፣ ለአስተማማኝ ትኩረት ቢከፍል ይሻለዋል። ሳይፈተን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነም የካሜራውን አምራች ሌንስ፣ አቅም ካነሰም በሚገባ የተፈተነ ያገለገለ ሌንስ መምረጥ ይበጃል።