ከቀዩ መብራት ጀርባ ያለው ሙያ

ስለ ባቡር ሲነሳ ሾፌሩ ይመሰገናል፣ ሎኮሞቲቩ ፎቶ ይነሳል። ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ እንዳይገናኙ የሚጠብቀውን የሲግናል ባለሙያ ግን የሚያስታውሰው የለም። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከመካነ ብርሃን ወጥታችሁ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማሩ ልጆች ይህን ሙያ ብታውቁት ደስ ይለኛል። ሐዲድ ስሜን አልደረሰም፤ በክልላችን በአማራ የተዘረጋው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዲግሪ ይቀድማል፤ ለድህረ ምረቃ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ባቡር የልህቀት ማዕከል አለው። ዋናው ሥልጠና የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ጀማሪ ባቡር ሲመጣ ኤሌክትሪክ ተልኮ ቀዩን የሚያበራ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ትራክ ሰርኪዩት ባለበት መስመር ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይለያል፤ ከአንዱ ጫፍ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሪሌይ ኤሌክትሪኩን እስካገኘ ድረስ መስመሩ ነጻ ነው። ባቡር ሲገባ የብረት መንኮራኩሩና አክስሉ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ፤ ኤሌክትሪኩ በዚያው ይመለሳል፣ ሪሌዩ ይወድቃል፣ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ባትሪ ቢያልቅ ወይም ሽቦ ቢበጠስም ቀይ ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን በ1872 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ይህ ዘዴ እስካሁን ይሠራል።

የሚያስፈራው ግን መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ጋር እንዳይነካካ የሚከለክለው ዝገት ነው። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ተለማማጇን ሐዲዱ ሥር አስቀምጦ ሁለቱን ሐዲዶች በሽቦ ሲያስነካት አይቻለሁ። በሬዲዮ «ወደቀ» ተባለች። ትንሽ ራቅ ብላ ዝገት የሸፈነው ቦታ ላይ ደገመችው፤ ሬዲዮው ዝም አለ። «አየሽ ልጄ፣ እዚህ ላይ ባቡር ቆሞ መስመሩ ነጻ ነው ሊልሽ ይችላል» አላት። ይህን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚማረው የለም።

ስለዚህ ምሩቁን ዓመት ሙሉ ቢሮ አስቀምጠው ወረቀት የሚያስገለብጡ ኃላፊዎች ያሳዝኑኛል። መብራቱ አስቸገረ ብሎ ሪሌዩን በሽቦ ቀጥታ የሚያደርግ ባለሙያ ደግሞ ሥራውን መልቀቅ አለበት።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር መጀመሪያ ያስተዳደሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. አስረክበዋል። አሁን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን። ልጆች፣ ስትቀጠሩ ከደመወዙ አስቀድማችሁ «ስንት ወር ሐዲድ ላይ እሠራለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።