ያመመው ልጅ፣ የሚጠየቀው አባት

ከእንጅባራና ከዳንግላ ዙሪያ ቀበሌዎች ለሕክምና የሚመጣ ልጅ አንዳንዴ በሽተኛም አስተርጓሚም ሆኖ ነው ካርድ ክፍል የሚደርሰው። እናቱ ከአዊኛ ሌላ የማትናገር ከሆነች፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ያመጣው እሱ ነው። ባለሙያዋ ግን ዓይኗን ከእናቱ ሳታነሳ «ምኑን ነው የሚያመው?» ትላለች። ልጁ ጥያቄውን ለእናቱ ያደርሳል፣ መልሷን ይመልሳል። ሕመሙ የእሱ፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቃል የእናቱ።

ሕጉ ልጁን ጨርሶ አልረሳውም። ኢትዮጵያ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ የራሱን ሐሳብ መግለጽ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ እንዲደመጥ፣ ቃሉም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲመዘን ይላል። የቤተሰብ ሕጉ በበኩሉ ከ18 ዓመት በታች ያለውን አካለ መጠን ያላደረሰ ብሎ ጤናውን ለአሳዳሪው ይተዋል። ስለዚህ እርፍ የሚጨብጥ የ16 ዓመት ጎረምሳ እንኳ ትርፍ አንጀቱ ሊወጣ ሲል ቅጹ ላይ የሚፈርመው፣ ወይም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያትመው አባቱ ነው።

ከዚህ ውጪ የሆኑ ጉዳዮች አሉ። የኤች አይ ቪ ምርመራ መመሪያ 15 ዓመት የሞላው በራሱ ፈቃድ እንዲመረመር ያደርጋል፤ ከ13 እስከ 15 ያሉትም ያገቡ፣ ያረገዙ፣ ጎዳና ላይ ያሉ ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ከሆኑ እንደ በሳል ይቆጠራሉ። እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥ ነገር አለ። ያለዕድሜ ጋብቻ በሚታወቅበት በአማራ ክልል፣ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት እንዳታገባ የሚከለክላት ልጅ ክልከላው ተጥሶ ስትዳር ስለ ደሟ ወሳኝ ትሆናለች፤ ያላገባች የክፍል ጓደኛዋ ወላጅ ይዛ እንድትመጣ ይነገራታል። ባል ማግባት ብስለት ከሆነ፣ ብዙዎቹ ስለ ጋብቻው ራሱ ማን ጠየቃቸው?

የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ጀመረ፤ ኋላ ዕድሜው ወደ 9 ዝቅ ብሏል። «ያመክናል» የሚለው ወሬ ሲነሳ መልስ የሚያስፈልገው ለወላጅ ብቻ አይደለም፣ ክንዷን ለምትሰጠውም ነው።

ለልጁ መንገር ይበልጥ የሚከብደው ዘላቂ ሕመም ላይ ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር የተወለደ ልጅ ኪኒኑ ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ «ለሳንባህ ነው» ይባላል። ወላጅ እንዲህ የሚለው ከክፋት አይደለም፤ ልጁ ለጎረቤት ልጆች ያወራል፣ የእናትየውም ምስጢር አብሮ ይወጣል ብሎ ይፈራል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ሁኔታቸው እንዲነገራቸው መክሯል። ያልተነገረው ልጅ ከፍ ሲል ከሬዲዮም ከመማሪያ መጽሐፍም ራሱ ይደርስበታል፤ ያኔ ቂሙ ከቫይረሱ ይልቅ በዋሸው ሰው ላይ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበትም እንዲሁ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚያቃጥል የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። ሩጫውን የሚሮጥ፣ ምንም የማያመው ልጅ የጉሮሮ ቁስለት ተመልሶ የልቡን በር እንደሚያበላሽ ካላስረዱት፣ የቀጠሮው ቀን ከብት ይዞ ቢጠፋ አልፈርድበትም።

ሌሎች አገሮች ልጅ ስለ ሕክምናው መቼ ራሱ ይወስን ለሚለው ጥያቄ ጠቅለል ያለ መልስ ሞክረዋል። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ሰጪ አካል እ.ኤ.አ. በ1985 በጊሊክ ጉዳይ፣ ከ16 በታች የሆነ ልጅ ሕክምናው በቅጡ ከገባው ራሱ መስማማት እንደሚችል ወሰነ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2005ቱ የሕፃናት ሕጓ መነሻውን 12 ዓመት አድርጋለች፣ ብስለት ካለ፤ ለቀዶ ሕክምና ግን ወላጅ አጠገቡ እንዲቆም ትሻለች። የደቡብ አፍሪካው ለአዊ ቤተሰብ ይበልጥ ይቀርብ ይመስለኛል፤ አባት አይወጣም፣ ልጁም አይታለፍም።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ልጅ ለጥናት ደም እንዲሰጥ ሲፈለግ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ከወላጁ ፈቃድ ሌላ የራሱን እሺታ ይጠይቃል፤ እምቢ ካለም ይተዉታል። ለገዛ ሕክምናው ደም ሲቀዳ የሚባለው «እጅህን ዘርጋ» ነው።