የአነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ድምፆች ምርመራ

የማረፊያ እግር ድምፆች ምርመራ አነስተኛ አውሮፕላን በመሬት ላይ ሲነዳ፣ ሲነሣ፣ ሲበር ወይም ሲያርፍ ከማረፊያ እግሩ (ላንዲንግ ጊር) የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ የመለየት ሥራ ነው። ድምፁ ብቻውን ብልሽቱን አይናገርም፤ አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ከጎማ፣ ከኩሽኔታ ወይም ከላላ ብሎን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው «ድምፁ ምን ይመስላል?» ከሚለው ይልቅ «መቼ ይሰማል? ምን ሲደረግ ይለወጣል?» ከሚሉት ጥያቄዎች ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሴስና 172 እንደ ዋና ምሳሌ ተወስዷል። ይህ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ በብዛት ከተመረቱት አውሮፕላኖች ቀዳሚው ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለአብራሪዎች ሥልጠና ያገለግላል።

የእግሩ አሠራር

ሴስና 172 ሦስት ጎማዎች አሉት፤ ሁለቱ ዋና ጎማዎች ከክንፉ ሥር፣ አንዱ ደግሞ ከአፍንጫው ሥር ይገኛሉ። የዋናዎቹ ጎማዎች እግሮች ዘይት ወይም አየር የላቸውም። ከሞላ ብረት የተሠሩ ስለሆኑ በማረፍ ጊዜ ተለጥጠው ይመለሳሉ። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች እግሩ እንደ መኪና ባሌስትራ ጠፍጣፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1971ዱ 172ኤል ሞዴል ወዲህ ግን ድቡልቡል ቱቦ ሆኗል።

የአፍንጫው እግር አሠራር ከዚህ ይለያል። ዘይትና የታመቀ አየር ወይም ናይትሮጂን የያዘ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ቶርክ ሊንክ የተባለው በመቀስ ቅርጽ የተሠራ ማያያዣ ፒስተኑ በራሱ ዙሪያ እንዳይሽከረከር ይይዘዋል። ሺሚ ዳምፐር የተባለው ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ እንዳይወራጭ ይገታል። ፍሬን ያላቸው ሁለቱ ዋና ጎማዎች ብቻ ናቸው። የአፍንጫው ጎማ ፍሬን የለውም፤ ይህ ልዩነት ከታች እንደሚታየው ለምርመራው በጣም ይጠቅማል።

ድምፁ መቼ ይሰማል?

ብልሽቱን ለማጥበብ የሚከተሉት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይነሣሉ፦

• አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ድምፁ ይሰማል? የሚሰማና ከሞተሩ ዙር ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ምንጩ ጎማ ወይም ፍሬን አይደለም።
• በመሬት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ምቱ ይፈጥናል? የሚፈጥን ከሆነ ምንጩ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ማለትም ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ ወይም የፍሬን ዲስክ።
• ፍሬን ሲያዝ ይጀምራል ወይስ ይቆማል? በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው የፍሬን ክፍል ነው።
• ሲታጠፍ ይጨምራል? በመታጠፍ ጊዜ ክብደቱ በውጭ በኩል ወዳለው ጎማ ስለሚያመዝን የዚያ ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል።
• ጉብታ ሲያልፍ ብቻ ይሰማል? የአፍንጫው እግር ፒስተን፣ ቶርክ ሊንክና ብሎኖች ይፈተሻሉ።

ዋና ዋና ድምፆችና መንስኤያቸው

ምት የጠበቀ «ዱብ ዱብ»። ብዙውን ጊዜ ጎማው በአንድ ቦታ ጠፍጣፋ መሆኑን ያመለክታል። ፍሬን ተቆልፎ ጎማው በአስፋልት ላይ ሲጎተት የሚፈጠረው ጠፍጣፋ ቦታ ቋሚ ነው፤ በውስጡ ያለው ክር ከታየ ጎማው ይቀየራል። አውሮፕላኑ ለረጅም ጊዜ በመቆሙ የመጣ ከሆነ ግን ጎማው ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል።

የአፍንጫ ጎማ መወራጨት (ሺሚ)። በተወሰነ ፍጥነት ላይ ድንገት የሚጀምር፣ መሪ ፔዳሎችንና የመሣሪያ ሰሌዳውን የሚያንቀጠቅጥ ኃይለኛ ድምፅ ነው። መንስኤው ዘይት የጎደለው ሺሚ ዳምፐር፣ የተበላ የቶርክ ሊንክ ቡሽ፣ ሚዛኑን ያልጠበቀ ጎማ ወይም ትክክል ያልሆነ የጎማ አየር ሊሆን ይችላል። አብራሪው የመቆጣጠሪያውን እጀታ ወደ ኋላ ስቦ ከአፍንጫው ጎማ ላይ ክብደት ያቀልላል፤ ፍጥነትም ይቀንሳል። ዳምፐሩን ብቻ መቀየር ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ ቡሾቹ ከተበሉ አዲሱም ዳምፐር ቶሎ ይጎዳል። ችላ የተባለ ሺሚ የአፍንጫውን እግር መያዣዎች እስከ መሰንጠቅ ሊደርስ ይችላል።

ብረት ከብረት ጋር የሚጋጭ «ቋ»። ጉብታ ሲታለፍ የሚሰማ ከሆነ የአፍንጫው እግር አየር ወይም ዘይት ጎድሎ ፒስተኑ መጨረሻው ድረስ እየወረደ ሊሆን ይችላል። በፒስተኑ ላይ ቀይ ዘይት መታየቱ የውስጥ ጎሚኒው ማፍሰሱን ያሳያል። በ172ኤስ ሞዴል የዚህ እግር ግፊት 45 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። እግሩ ሲወርድ ፕሮፔለሩም ወደ መሬት ስለሚቀርብ ጉዳዩ ከድምፅ ያለፈ አደጋ አለው።

ድምፁ የጀመረው በአፍንጫ ጎማ ቀድሞ ካረፈ በኋላ ከሆነ በሞተሩና በአብራሪው ክፍል መካከል ያለው የብረት ግድግዳ እንዳልተጨማደደ መታየት አለበት። አውሮፕላኑ በመጎተቻ ሲሳብ የአፍንጫውን ጎማ ከ30 ዲግሪ በላይ ማጠፍም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል።

መፋጨትና መጮህ። አውሮፕላኑ በእርጥበት ቆሞ የፍሬን ዲስኩ ላይ ቀላል ዝገት ካለ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ድምፁ ይጠፋል። የማይጠፋ የብረት መፋጨት ግን የፍሬን ሸራው ማለቁን ሊያመለክት ይችላል። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ በብዛት በሚገኘው ክሊቭላንድ ፍሬን ሸራው ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲቀጥን ይቀየራል። ሸራው አልቆ የያዘው ብረት ዲስኩን ከነካ ዲስኩም አብሮ ይበላሻል።

ዝቅተኛ ጉርምርምታ። ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የሚቀጥል ከሆነ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። አውሮፕላኑ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ሻካራነት ወይም ወደ ጎን መወዝወዝ ከተሰማ ኩሽኔታው ወጥቶ ይታጠባል። ዝገት፣ ጉድጓድ ወይም በሙቀት ምክንያት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ካለበት ከነመቀመጫው ይቀየራል፤ ግራሶ መጨመር ብቻ አያድነውም። የአክስሉን ዳዶ ከልክ በላይ ማጥበቅም ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል።

ከተነሣ በኋላ የሚሰሙ ድምፆች

መንኮራኩሮቹ መሬት ከለቀቁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መሽከርከራቸውን ይቀጥላሉ፤ ሚዛን የጎደለው ካለ አውሮፕላኑን ያንቀጠቅጣል። አብራሪው ፍሬኑን ለአፍታ ሲረግጥ መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ ምንጩ ከዋና ጎማዎች አንዱ ነው። ፍሬን ተይዞም ቀጥሎ ቀስ በቀስ ከጠፋ የአፍንጫው ጎማ ይሆናል። የአፍንጫው እግር ሲዘረጋ የሚሰማ አንድ ነጠላ «ዱብ» የተለመደ ነው።

በአየር ላይ የማያቋርጥ ኃይለኛ መንኳኳት ሁሉ ከማረፊያ እግር አይመጣም። ከበር ውጭ የቀረ የመቀመጫ ቀበቶ ነፋስ እየመታው አካሉን ሲደበድብ አስደንጋጭ ድምፅ ያሰማል። በዚህ ጊዜ የአብራሪው ዋና ተግባር አውሮፕላኑን በአግባቡ ማብረር ነው፤ በሩን የሚያጣራው በሰላም ካረፈ በኋላ ነው።

ታጣፊ እግር ያላቸው አውሮፕላኖች

እንደ ፓይፐር አሮው ባሉ አውሮፕላኖች እግሩ በሃይድሮሊክ ይታጠፋል። አሮው እግሩን ወደ ላይ የሚይዘው በዘይት ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በበረራ ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፑ በየጊዜው እየተነሣ ሲጮህ ከተሰማ ግፊቱ በሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ግን ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የሞተሩ ኃይል ተቀንሶ እግሩ ካልወረደ ይጮሃል። ስለዚህ ጡሩምባው ሲሰማ በመጀመሪያ የሚረጋገጠው የእግሩ መውረድ ነው።

ጥንቃቄና ኃላፊነት

በአፍንጫው ጎማ አጠገብ የሚንበረከክ ሰው ከፕሮፔለሩ ጥቂት ርቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ድምፁን ከውጭ ቀርቦ ማዳመጥ ክልክል ነው። ፍተሻው የሚካሄደው የማግኔቶ ቁልፉ ጠፍቶና ተነቅሎ፣ የቀሩት ጎማዎች በታኮ ተይዘው ነው።

በአሜሪካ ደንብ መሠረት ፈቃድ ያለው አብራሪ ለንግድ ማጓጓዣ በማይውል የራሱ አውሮፕላን ላይ ጎማ መቀየር፣ የጎማ ኩሽኔታ አጥቦ ግራሶ መቀባት፣ በእግሩ ሲሊንደር ውስጥ ዘይትና አየር መጨመር ይችላል። የፍሬን ሸራ መቀየር ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም። በኢትዮጵያ የጥገና ባለሙያዎችን ፈቃድ የሚሰጠው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ለጥገና ባለሙያው የሚተላለፈው ማስታወሻ «ጎማው ይጮሃል» ከሚል ይልቅ ድምፁ የተሰማበትን ፍጥነት፣ የፍሬኑን ሁኔታ፣ የመታጠፊያውን አቅጣጫና የመንደርደሪያውን ዓይነት ቢይዝ ብልሽቱን ለማግኘት የሚፈታው ክፍል ያነሰ ይሆናል። ምንጩ ካልታወቀ አውሮፕላኑ እስኪመረመር ድረስ ከበረራ ይታገዳል።