የቧሂት በር፦ ነፋሱን በሰዓት መቅደም

ከጎንደር ተነስቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይገባል። ከደባርቅ አንዱ መንገድ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዞ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እያቋረጠ ሽቅብ ይወጣና፣ ከቧሂት ተራራ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ተራራውን ይሻገራል። ይህ መሻገሪያ የቧሂት በር ነው። ከማዶው ጃናሞራና በየዳ አሉ፤ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚሄደውም ሰው የሚያልፈው በዚሁ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ስሙን የሚያውቀው ብዙ ነው። በሩን የሚያልፈው ግን ጎብኚ ብቻ አይደለም። ገበያተኛው በእግሩ፣ እህልና ሸቀጥ የጫነው አይሱዙ በጎማው፣ ባለ በቅሎው በበቅሎው ይሻገረዋል። እነዚህ ሰዎች በሩን የሚለኩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። እንግዳም ከእነሱ የሚማረው ዋና ነገር ይኸው ነው።

ነፋሱ እዚህ የሚበረታው በመልክዓ ምድሩ ምክንያት ነው። የሰሜን ተራሮች ሰሜናዊ ጠርዝ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር በሚደርስ ገደል ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ፀሐይ ስትከር የቆላው አየር ይሞቅና ገደሉን ታኮ ሽቅብ ይወጣል። ትልልቆቹ አሞሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚንሳፈፉት በዚህ ሽቅብ ነፋስ ነው። አየሩ ተራራውን አልፎ ለመሄድ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ በሩም ዝቅ ያለው ቦታ ነው። በሰፊው የመጣው አየር በጠባቡ ሲያልፍ ይፈጥናል። ማለዳ ጥርት ብሎ የታየው ገደል ከቀትር በኋላ በጉም ሊሞላ የሚችለውም ለዚህ ነው፤ የቆላው እርጥበት ከአየሩ ጋር አብሮ ይወጣልና።

አገሬው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ከፍሎ ከዚያ በላይ ያለውን ውርጭ ብሎታል። በሩ ገብስ እንኳ ከማይበቅልበት ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ የሚቆመው ጅብራና ጓሳ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጎንደርን በሸሚዝ ለቆ የወጣ ሰው በሩ ላይ 13 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ገላ ላይ ሲያርፍ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ ወደ ተራራው የሚዘልቅ እንግዳ ይህን ማወቅ አለበት፤ የጥር ቀን ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ዝናብ፣ በረዶና መብረቅ ስለሚበዛ፣ ለጉዞ የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የአየሩ መሳሳት ነው። 4,200 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በሌሊቶች ቁጥር ስለሆነ የጉዞው እቅድ የሚጀምረው ከማደሪያ ነው። ጎንደር 2,100፣ ደባርቅ 2,850፣ በፓርኩ ውስጥ ካሉት ማደሪያዎች ደግሞ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ የሕክምና ምክር ነው። ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ አድሮ በአምስተኛው ቀን በሩን መሻገር ከዚህ ምክር ጋር ይስማማል። በመኪና በአንድ ቀን ከጎንደር ጨነቅ ደርሶ እዚያው ማደር ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጋብዛል። የሚንገዳገድ፣ የሚቃዥ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ዝቅታ መውረድና ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

በሩን የማለፊያው ቀን ማለዳ ይጀምራል። ከጨነቅ በእግር የሚወጣ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢነሳ ነፋሱና ጉሙ ሳይበረቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይገኛል። ዳገቱ ሲጀመር ቀለል ብሎ መልበስ ይሻላል፤ ሸሚዝ በላብ ከራሰ ነፋሱ ገላን ያቀዘቅዛል። ነፋስ የማያስገባው ጃኬት፣ ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ቆብ የሚለበሱት በሩ ላይ ሳይሆን ከበሩ በታች ካለው የመጨረሻ መከለያ ቋጥኝ ጀርባ ነው። አናቱ ላይ ጣት ከደነዘዘ ዚፕ መያዝ ራሱ ሥራ ነው። ጋቢ ለማደሪያ ይጠቅማል፤ ነፋስን ግን አይመልስም።

ለስንቅ ከበሶ የሚሻል የለም። ሁለት እፍኝ በሶ በኮዳ ውሃ ላይ አድርጎ ጥቂት ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ይበቃል፤ እሳት አያስፈልገውም። ቆሎም በኪስ ይያዛል። ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሁለቱንም ገዝቶ መውጣት ይቻላል። ፀሐዩ ከፍታ ላይ ስለሚያቃጥል መነጽርና የቆዳ ቅባት አይረሱ።

ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል፤ ስካውትና አስጎብኚም እዚያው ይገኛሉ። በቅሎ ለመከራየት ገንዘብ የሚሰስት ሰው አለ፤ በቅሎ ግን ከጭነት ይልቅ የታመመ ሰው ለማውረድ ነው ዋጋዋ። በመኪና የሚሄድ ነዳጁን ደባርቅ ላይ ይሙላ፤ በቁልቁለቱም ፍሬን ብቻ ሳይረግጥ በከባድ ማርሽ ይውረድ። ኔትወርክ በየቦታው ስለሚጠፋ በስልክ ብቻ መተማመን አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ጠይቆ ማረጋገጥ ከእቅዱ ሁሉ ይቀድማል። መንገዱ ከተዘጋ ጉዞው ይተላለፋል።

እንግዲህ ከጎንደር ከመነሳትዎ በፊት ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ በየሌሊቱ የት እንደሚያድሩ፣ በስንት ሰዓት በሩ ላይ እንደሚደርሱ፣ በስንት ሰዓት ካልደረሱ ወደ ኋላ እንደሚመለሱ። መመለሻው ከቀኑ 6 ሰዓት አይለፍ። የወረቀቱን ቅጂ ደባርቅ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከጓደኞችዎ መካከል አንዱ እንኳ «ትንሽ ብቻ ነው የቀረን» ቢል ወረቀቱን አውጥተው ያሳዩት፤ አብራችሁም ተመለሱ።