ያውቁ ኖሯል? ሕመም የማይሰማው እግር
የስኳር ደዌ ዘመን ሲቆጥር የእግርን ነርቮች አድክሞ ሕመምን ሊሰውር ስለሚችል፣ ድውዩ በምስማር ቢወጋ ወይም በጠባብ ጫማ ቢላጥ ሳይታወቀው ቁስሉ ያመረቅዛል። በአዲስ አበባ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ አጠገብ ባለው ዘነበወርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ምክንያት እንዲሁ ስሜት ያጣ እግር ሲያክም የኖረ ሲሆን፣ ፖል ብራንድ የተባሉ ሐኪም ለሥጋ ደዌ ቁስል የተጠቀሙበት፣ የሰውነትን ክብደት በመላው ውስጠ እግር የሚያከፋፍለው ጀሶ ኋላ ለስኳር ሕሙማንም መድኅን ሆኗል።

እንግዲህ ጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንን ሊሳለም ጫማውን የሚያወልቅ የስኳር ሕሙም ወፍራም፣ ንጹሕ ካልሲ ያጥልቅ፤ ማታ ማታም ውስጠ እግሩንና የጣቶቹን መካከል ይመርምር፤ በለብታ ውኃ ታጥቦ ያድርቅ፤ ከእሳት ዳር አያስጠጋው፤ ጥቂት ቁስል ቢያገኝ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይገሥግሥ።